«ማን ወጣ?» ለሚል ጥያቄ አንድ ሰዓት፦ የ«ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» የማክሰኞ ምሽት ጉዳይ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአክስቴ ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት ሰኞ ማታ ዳንስ፣ ማክሰኞ ማታ ውጤት ነበር። አክስቴ የምታውቀው እንግሊዝኛ ገበያ ወጥታ ለመመለስ ያህል ነው። ለሰኞው ዝግጅት ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ጥንዶቹ ይወጣሉ፣ ይደንሳሉ፣ ሦስቱ ዳኞች ቁጥር ያነሳሉ። እግሩ የከበደውን፣ ትከሻው የተሳሰረውን፣ ሙዚቃው ጥሎት የሄደውን ከዳኞቹ ባላነሰ ትለያለች፤ ወሎ ውስጥ በየሠርጉ እስክስታ ሲመታ እያየች ያደገች ሰው ናት። ማክሰኞ ሲመጣ ግን ወሬው ይበዛባታል።

«አሁንስ ነገሩ?»

«ገና ነው አክስትዬ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ምንድን ነው የሚያወሩት?»

አጥጋቢ መልስ ሰጥቻት አላውቅም። ቋንቋውን አጣርተው የሚሰሙ ተመልካቾችም ይህንኑ ይጠይቁ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። የማክሰኞው ምሽት ለዓመታት ሲታማ ኖሮ በ2013 ከመርሐ ግብሩ ተነሳ። እዚህ የምጽፈው ያ ምሽት በምን ይሞላ እንደነበር፣ ተመልካቹ ምኑን ጠልቶ ምኑን እንደወደደና ከተነሳ በኋላ ምን እንደተከተለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሽቱ እንዴት ተፈጠረ

«ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ቢቢሲ በ2004 ከጀመረው «ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ» የተቀዳ ውድድር ነው። ታዋቂ ሰው ከባለሙያ ዳንሰኛ ጋር ይጣመራል፣ ቫልስ፣ ታንጎ፣ ቻቻ እየተማረ በየሳምንቱ ይቀርባል፣ ከዚያ ነጥብና የሕዝብ ድምፅ ተደምሮ አንድ ጥንድ ይሰናበታል። የአሜሪካው ኤቢሲ ጁን 1 ቀን 2005 ሲጀምረው የበጋ ክፍተት መሸፈኛ አድርጎ ነበር። ስድስት ሳምንት ብቻ የቆየው ያ የመጀመሪያ ሲዝን ሲያልቅ ግን የመጨረሻውን ምሽት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው።

እንዲህ ያለ ተመልካች ያገኘ ጣቢያ በሳምንት አንድ ምሽት አይበቃውም። በ2006 መጀመሪያ ሁለተኛው ሲዝን ሲመጣ ውጤቱ ለብቻው ሌላ ምሽት ተሰጠው። መንገዱን የከፈተው «አሜሪካን አይዶል» ነበር። ከ2002 ጀምሮ ዘፈኑን አንድ ቀን፣ ውጤቱን ሌላ ቀን እያቀረበ፣ ሰው «ማን ወጣ?» የሚለውን ለመስማት ብቻ በማግስቱ ተመልሶ እንደሚቀመጥ አሳይቷል። የኤቢሲው ውድድር ቀኖቹን ሲቀያይር ቆይቶ በ2007 ሰኞና ማክሰኞ ላይ ረጋ።

ድምፅ ለመስጠትና ለመቁጠር ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ስልክ የሚደወለው ሰኞ ማታ ነበር። የዳኞቹ ነጥብ ግማሽ፣ የሕዝቡ ድምፅ ግማሽ ሆኖ ይደመራል። ሌን ጉድማን፣ ኬሪ አን ኢናባና ብሩኖ ቶኒዮሊ እያንዳንዳቸው እስከ 10 ስለሚሰጡ ከፍተኛው ነጥብ 30 ነው። ይህ ሁሉ አንድ ሌሊት መፍጀቱን ማንም አልተቃወመም። ቅሬታው የተነሣው ቆጠራው አልቆ ስሙ ከታወቀ በኋላ ስለሚያልፈው ሰዓት ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ነበር

የአሜሪካ ቴሌቪዥን «አንድ ሰዓት» ሲል ማስታወቂያው ወጥቶ የሚቀረው ከ42 እስከ 44 ደቂቃ ነው። አስተዋዋቂው ቶም በርጀሮን መድረኩን ይከፍታል። ሰኞ የሆነው ተቆራርጦ እንደገና ይታያል፤ ማን ስንት እንዳገኘ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ዳኛው ምን እንዳለ። ከዚያ ዳኞቹ የመረጡት አንድ የሰኞ ዳንስ ይደገማል። እንግዳ ዘፋኝ ይመጣል፣ ባለሙያዎቹ ከጎኑ ይደንሳሉ። ማሲስ የተባለው የልብስ መደብር ስፖንሰር የሚያደርገው የዳንስ ትርኢት ይቀርባል። ከመድረክ ጀርባ የተቀረጸ ይከተላል፦ ጥንዶቹ ነጥባቸውን ከሰሙ በኋላ የተባባሉት፣ የባለሙያዎቹ ጨዋታ፣ የልምምድ ክፍሉ ኩርፊያ።

በእነዚህ መካከል መብራቱ ይደበዝዛል። ጥንዶቹ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ አስተዋዋቂው ዝም ይላል፣ ካሜራው ፊት ለፊት እየተዘዋወረ ዓይን ይፈልጋል። አንዱ ጥንድ «ዳናችሁ» ይባላል፤ ሌላው ቀይ መብራት ይበራበትና እንዲጠብቅ ይነገረዋል። «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። አሥር ጥንድ ካለ ዘጠኝ ጊዜ ምንም አልሆነም ለማለት ሰዓቱ ይሄዳል፤ የሚፈለገው አሥረኛው ስም መጨረሻ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይነገራል።

ቀዩን መብራት በተመለከተ ብዙ ተመልካች የተናደደበት አንድ ነገር አለ። በርጀሮን እጩ ስንብት ሆነው የቆሙት ሁለት ጥንዶች «የግድ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ አይደሉም» እያለ በይፋ ይናገር ነበር። እርሱ በማሳሰቡ ሐቀኛ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ግን ያ ዐረፍተ ነገር በራሱ ምሽቱን ገልጦ ያሳያል። ሁለተኛ ሆኖ የቆመው ጥንድ ምንም ስጋት ሳይኖርበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲደነግጥና እንድንደነግጥለት ተመርጦ የቆመ ነው። ፊቱ ላይ የምናየው ፍርሃት የእውነት ነው፣ የፈራበት ምክንያት ግን በአዘጋጅ የተደረደረ ነው።

አክስቴ ይህን ስተረጉምላት ዝም ብላ ቆይታ «ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም» አለች። በዚያ ዝግጅት ላይ ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ተመልካቹ ምን አለ

የተመልካቹ ቅሬታ አንድ ወጥ አልነበረም፤ የጉዳዩ ፍሬም እዚህ ላይ ነው።

ብዙው ሰው የሚያማርረው ስለ ርዝመቱ ነው፤ ለአንድ ስም አንድ ሰዓት። መቅረጫ ያለው ቀርጾ እየዘለለ አሥር ባልሞላ ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ትቶ በማግስቱ ይጠይቃል። በአገሪቱ ምዕራብ ዳርቻ ላለው ሰው ነገሩ ይብስ ነበር። ዝግጅቱ በምሥራቁ በቀጥታ ሲተላለፍ ካሊፎርኒያ የሚደርሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እየተሠራ ሎስ አንጀለስ ያለው ተመልካች ከኒው ዮርክ ሰዎች ውጤቱን ቀድሞ ይሰማል። ስሙን አውቆ ለተቀመጠ ሰው ያ ሁሉ ከበሮና ጸጥታ ምንም አይሠራለትም።

ሌላው ቅሬታ የልምምድ ቪዲዮዎቹ ናቸው። ጥንዶቹ ሲጣሉ፣ አስተማሪው በሩን ዘግቶ ሲወጣ፣ ተማሪዋ ጥግ ይዛ ስታለቅስ ይታያል። ሰው የሚጠይቀው «ይህ እውነት ነው ወይስ ለካሜራ?» ነው። እኔ ሁሉም የተጭበረበረ ነው የሚል እምነት የለኝም። አዋቂ ሰው ከባዶ ተነሥቶ ታንጎ ሲማር፣ ቀኑን ሙሉ እግሩ ሲላጥ ማልቀሱ አይገርምም። ግን የብዙ ሰዓት ልምምድ ወደ አንድ ደቂቃ ሲታጠር የተመረጠው ጠቡ ከሆነ፣ ተመልካቹ ቀሪውን ሰዓት አያየውም፤ እግር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ክብደት ከየት ወዴት እንደሚሻገር፣ ሰኞ ለምን እንደተሳሳተች የሚያስረዳው ክፍል ይቀራል። ዳንሱን ለመማር የሚያይ ሰው ከዚያ ጠብ የሚይዘው ነገር የለም።

ግን የማክሰኞን ምሽት የሚወዱም ነበሩ፤ የወደዱትም ቢሆን «መሙያ» ተብሎ የሚታማውን ነው። ባለሙያዎቹ ያለ ታዋቂ ሰው ለብቻቸው የሚደንሱት ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ላይ አንድ የዓለም ደረጃ ዳንሰኛ የእግር ኳስ ጡረተኛ ወይም የዜና አንባቢ እየደገፈች፣ የራሷን እርምጃ አሳጥራ፣ የእርሱን ስህተት በቀሚሷ እየሸፈነች ትደንሳለች። ማክሰኞ ግን ከእኩያዋ ጋር ስትወጣ እጇ እስከ ጫፉ ይዘረጋል። ታዳጊ የቦልሩም ዳንሰኞች የቀረቡባቸው፣ እንግዳ የዳንስ ቡድኖች የመጡባቸው ምሽቶችም ነበሩ። አክስቴ ጥያቄዋን የምታቆመው ያን ጊዜ ነው። ወንበሯን ወደፊት ትስብና «ተይኝ፣ እንይበት» ትለኛለች።

ስለዚህ ተመልካቹ መሙያ ሁሉ ይቅር አላለም። ዳንስ የሆነውን መሙያ እንደ ዋና ምግብ ቆጥሮታል፤ የጠላው የመጠበቂያውን ሰዓት ማስረዘሚያ ነው። የእንግዳ ዘፋኞቹ ጉዳይ መሐል ላይ ነበር፤ ካሜራው ዘፋኙ ፊት ላይ ተተክሎ ከጀርባ የሚደንሱትን ሲቆርጣቸው የእኔ ደም ይፈላል፣ ዘፋኙን የሚወድ ደግሞ ያን ሦስት ደቂቃ ሲጠብቅ የዋለ ነው።

ማክሰኞ ሙሉ ክብሩን ያገኘባቸው ምሽቶችም አሉ። ኖቬምበር 16 ቀን 2010 በዳኞች ዘንድ ከፍተኛ ነጥብ ከሚያገኙት አንዷ የነበረችው ዘፋኟ ብራንዲ ስትሰናበት፣ በነጥብ ከኋላ የነበረችው የፖለቲከኛዋ የሳራ ፔሊን ልጅ ብሪስተል ፔሊን ወደ ፍጻሜ አለፈች። ያን ማታ አዳራሹ ሲያጉረመርም፣ ብራንዲ ቆማ ስታለቅስ፣ ማንም ሰዓቱ ረዘመ አላለም። ነጥቡና ድምፁ ተለያይተው ስለነበር ውጤቱ አስቀድሞ የሚገመት አልነበረም። ጥበቃው የእውነት ሲሆን ሰው ይጠብቃል።

ሌሎች ምን አደረጉበት

ከዚህ ጋር የሚነጻጸሩ ሁለት ውድድሮች አሉ። በፎክስ ጣቢያ በ2005 የጀመረው «ሶ ዩ ቲንክ ዩ ካን ዳንስ» በውጤቱ ምሽት ስጋት ላይ የወደቁትን ዳንሰኞች ብቻቸውን መድረክ ላይ ያወጣቸው ነበር፤ ሕይወቱን ለማትረፍ የሚደንስ ሰው በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ የሚያሳየው ነገር ሌላ ነው። እዚያ ጥበቃው ራሱ ዳንስ ሆኖ ነበር። ያም ሆኖ በ2012 ወደ አንድ ምሽት ተጠቃለለ።

እናት የሆነው የእንግሊዙ ዝግጅት ደግሞ እሑድ የሚተላለፈውን የውጤት ምሽት የሚቀርጸው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ልብስ ተቀይሮ፣ «ትናንት ማታ» እየተባለ። በየቅዳሜው ውጤቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። ሆኖም እሑድ ከመጨረሻ የወደቁት ሁለቱ ጥንዶች እንደገና ደንሰው ዳኞች ይመርጣሉ። ቀኑ የተመሰለ ቢሆንም መሐሉ ላይ ፍርድ የሚያስከትል ዳንስ አለ። አሜሪካኖቹም በ2012 ጸደይ ሁለቱን የመጨረሻ ጥንዶች ማክሰኞ ማታ ማፋለም ሞክረው ነበር፤ ለእኔ ምሽቱን ሊያድነው የሚችል መንገድ ይህ ነበር፣ ግን ቋሚ አልሆነም።

2013፦ ማክሰኞ ይነሣል

በሜይ 2013 ኤቢሲ የውጤቱ ምሽት እንደሚቀርና ውድድሩ ሰኞ በሁለት ሰዓት ርዝመት ዝግጅት እንደሚጠቃለል አስታወቀ። ያ ሲዝን በኬሊ ፒክለርና በዴሪክ ሀፍ አሸናፊነት ሜይ 21 ተዘጋ፤ ማክሰኞ ነበር። ብዙ ሰው ጣቢያው ቅሬታችንን ሰማ ብሎ ደስ አለው። እኔም ከደስተኞቹ ነበርኩ። ነገር ግን ጣቢያው ማክሰኞን ለሌላ ይፈልገው ነበር። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2013 የማክሰኞ ምሽቱን በሙሉ በአዳዲስ ድራማና ኮሜዲ ሞላው፤ የማርቨሉ «ኤጀንትስ ኦቭ ሺልድ» የጀመረው ያን ማታ ነው። ሰዓቱ ለተመልካቹ ቅሬታ ተብሎ ብቻ የተለቀቀ አልነበረም።

ሴፕቴምበር 16 አሥራ ሰባተኛው ሲዝን በአሥራ ሁለት ጥንዶች ተጀመረ። አንድ ዳንስ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 18 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱ ሰዓት ከማስታወቂያ ሲጣራ ከ84 ደቂቃ በላይ አለው። ቀሪው ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነው ጊዜ የልምምድ ቪዲዮ፣ የዳኞች አስተያየት፣ ከዳንስ በኋላ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ፣ መግቢያና መውጫ ነው። አብዛኛው በቂ ምክንያት አለው፤ መድረክ መጠረግ፣ ልብስ መቀየር አለበት። ግን ማክሰኞን አስነሳን ስንል ኩርፊያውና እንባው ወደ ሰኞ እንደተዛወረ ለማየት ሰዓት መያዝ ብቻ በቂ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ውጤቱ ላይ የደረሰው ነው። በዚያው ምሽት ድምፅ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ በዚያው ምሽት መናገር በወቅቱ አልተቻለም። የተገኘው መፍትሔ ሰኞ ማታ መጨረሻ ላይ የሚሰናበተውን ጥንድ *ባለፈው* ሳምንት ነጥብና ድምፅ መወሰን ነበር። ይህ ማለት ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ለምዶ፣ ያለፈውን ስህተት አርሞ፣ ሰኞ ወጥቶ ከጀመረ ጀምሮ ምርጥ የሆነውን ዳንስ ደንሶ፣ ዳኞቹ ብድግ ብለው አጨብጭበውለት፣ በዚያው ማታ መጨረሻ ግን ከሳምንት በፊት በተሰጠ ድምፅ ይሰናበታል። ያን ማታ ለእርሱ የሚደውል ሁሉ የሚደውለው ለወጣ ሰው ነው።

ይህን ለአክስቴ ሳስረዳ ተቸገርኩ። «ዛሬ እኮ ጥሩ ደነሰ!» አለችኝ። አዎ። «ታዲያ ለምን ወጣ?» ባለፈው ሳምንት። «ያለፈው ሳምንት ከሆነ ዛሬ ለምን አስደነሱት?»

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የዚያ ጥያቄ ክብደት ነው። ማክሰኞ ላይ የተሰናባቹ ስም ታውቆ በወሬና በቀይ መብራት ሰዓት ይሞላ ነበር። አሁን ደግሞ ስሙ ታውቆ ሰዓቱ የሚሞላው በዳንሱ ሆነ። ተሰናባቹ የሚደንሰው ዳንስ፣ የውድድሩ ብቸኛ እውነተኛ ነገር የነበረው፣ ራሱ የጊዜ መሙያ ሆነ። የሚያሳዝነው ዳንሰኛው ይህን ሳያውቅ በሙሉ ልቡ መደነሱ ነው። በማክሰኞው ቀይ መብራት ሥር እንዲደነግጥ የቆመው ሰው እንኳ ቢያንስ የሰኞ ዳንሱ በሰኞ ድምፅ ተመዝኖለት ነበር።

የማክሰኞን ባለሙያዎች የሚወዱት ተመልካቾችም ከሰሩ። የመክፈቻ ዳንስ ሰኞም ቀጥሏል፤ ግን ለብቻቸው በቂ ሰዓት ያገኙበት ምሽት ጠፋ። መሙያው ሁሉ በአንድ ስም ስለተጠራ፣ ሲቆረጥ ጥሩውም ከመጥፎው ጋር አብሮ ተቆረጠ። በፍጻሜው ሳምንት ግን ጣቢያው ማክሰኞን መልሶ ተጠቀመበት፤ የዚያው 2013 ሲዝን ፍጻሜ ኖቬምበር 25ና 26 በሁለት ምሽት ቀርቦ አምበር ራይሊ ያሸነፈችው ማክሰኞ ነው።

ከዚያ በኋላ

ያለፈ ሳምንት ድምፅ ነገር ለዓመታት ቆየ። በ2018 በዳኞች ነጥብ ደካማ የነበረው የሬዲዮ አቅራቢ ቦቢ ቦንስ ዋንጫውን ሲወስድ ስለ ድምፅ አሰጣጡ የተነሣው ጫጫታ በጣም ከፍ አለ፤ በ2019 ሥርዓቱ ተቀየረ። ዝግጅቱ እየተላለፈ በኢንተርኔትና በስልክ መልእክት ድምፅ ይሰጣል፣ በዚያው ምሽት ይቆጠራል፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች አንዱን ዳኞች ያተርፋሉ። ዛሬ የደነሰ ዛሬ ይመዘናል። የአክስቴ ጥያቄ ከስድስት ዓመት በኋላ መልስ አገኘ።

ግን የምዕራቡ ሦስት ሰዓት እዚያው ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ምሥራቁ በሚያይበት ሰዓት ስለሆነ፣ ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ድምፁን መስጠት ከፈለገ ዳንሱ ለእርሱ ገና ሳይታይ መስጠት ነበረበት። ያላየውን ዳንስ እንዲዳኝ የተጠራ ተመልካች የትኛውም የማክሰኞ ምሽት ላይ አልነበረም። ይህ የተስተካከለው በሴፕቴምበር 2022 ውድድሩ ወደ ኢንተርኔት ቴሌቪዥኑ ዲዝኒ ፕላስ ሲዛወርና ለመላው አገር በአንድ ጊዜ መታየት ሲጀምር ነው።

እዚያ ማስታወቂያ አልነበረም። ሁለት ሰዓቱ ሙሉ ሁለት ሰዓት ሆነ። መድረኩ ግን አሁንም መጠረግ፣ ልብሱ መቀየር ነበረበት፤ ስለዚህ አቅራቢዎቹ ታይራ ባንክስ ከታች፣ አልፎንሶ ሪቤሮ ከላይ ጥንዶቹ ከተቀመጡበት ሆነው ወሬውን ይይዙታል። የማስታወቂያው ቦታ በቃለ መጠይቅ ተሞላ። ያን ዓመት አክስቴ ጋ ስሄድ ሪቤሮ ማይክሮፎኑን ሲያነሳ እርሷ ደግሞ ጀበናዋን ለማየት ትነሣለች፤ ሙዚቃው ሲጀምር ከማድ ቤት ሆና «ጀመሩ?» ትለኛለች።